አራተኛው መዘግየት

አዋላጅነት ስንማር ደጋግመው ያስጠኑን ሦስቱን መዘግየቶች ነበር። ሰሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት እናት የምትዘገየው ቤት ውስጥ «እንሂድ፣ አንሂድ» ሲባል፣ መንገድ ላይ፣ አለዚያም ጤና ተቋም ደርሳ ሕክምና ስትጠብቅ ነው። እውነት ነው፤ ፈተና ላይም ይመጣል። በሦስቱም ውስጥ ግን መንገደኛዋ ወላዷ ናት። አዋላጁ ከጤና ተቋሙ የማይወጣ ይመስላል። ሁለቱ ሴቶች መንዝን በነሐሴ አይተውት ቢሆን አንድ ሳይጨምሩ አይቀሩም ነበር።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥታ ደወለችልኝ። «ቤቷ ተገላግላለች፣ ልጁ ደህና ነው፣ እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ» ብላ ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። እንግዴ ልጅ ግማሽ ሰዓት አልፎት ካልወጣ ደሙ ያስፈራል። አምቡላንሱ ሌላ ምጥ የጠናባት ይዞ ወደ ሆስፒታል ወርዷል፤ ቢኖርም በዚያ ጭቃ የትም አይደርስ። የመሪጌታን በቅሎ ተዋስኩ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልተያዘ ስለሚበላሽ፣ በክትባት መያዣው ሳጥን ከነበረዶው አድርጌ በትከሻዬ አነገትኩት። (የመንዝ ብርድ ራሱ ፍሪጅ ነው የሚል ባልደረባ አለኝ፤ መመሪያው ግን ብርዳችንን አይቆጥርልንም።)

ጣጣው ከሳጥኑ ጀመረ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሳጥን አንግቶ የሚመጣ የከብት ሐኪም ነው። ገና የመጀመሪያውን ጋራ ስዞር በርኖስ የደረቡ አባወራ መንገዱ መሀል ቆመው ጠበቁኝ።

«ዶክተር፣ እንኳን መጣህልን! በጎቼ እኮ በሳል አለቁ።»

«አባቴ፣ እኔ አዋላጅ ነኝ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ያቺ ጥቁሯ መውለጃዋ ደርሷል፤ እሷን እይልኝ» አሉ።

ከእሳቸው እንደምንም ተላቅቄ ወንዙ ጋ ብደርስ በቅሎዋ ቀጥ አለች። ብለምናት፣ ብጎትታት፣ ወይ ፍንክች! ማስተዋሉ ለእሷ ነበር፤ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚወርደው። ጎደል እስኪል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ጥናት አስታውሳለሁ። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በጤና ተቋም የተደረገው ወሊድ ከ100 ወሊዶች 26ቱ ነበር፤ በ2011 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ለዚህ ምክራችንና ዘመቻችን ይመሰገናል። ቃሬዛ ተሸክመው ዳገት የሚወጡትን የጎረቤት ወንዶች ግን በስብሰባ ላይ ሲመሰገኑ ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ባይኖሩ የእኔ ክፍል ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ነበር የሚከርመው።

ስለ ቃሬዛ ማሰቤስ ለካ አለነገር አልነበረም። ውሃው ጎደለልኝ፣ ተሻገርኩ፣ ቤቱ ደረስኩ። አንዲት አሮጊትና አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ እሳት ዳር ተቀምጠዋል።

«በባና ጠቅልለው በላይኛው መንገድ ወሰዷት» አሉኝ አሮጊቷ። «አንተስ የማን ነህ?»

«አዋላጁ ነኝ፣ እማማ።»

«ወንድ?» ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ተነፈሱ። «ልጄ፣ እንኳንም ተላለፋችሁ!»

እንግዲህ ወላዷ አዋላጅ ፍለጋ ወደ ጤና ጣቢያ፣ አዋላጁ ወላድ ፍለጋ ወደ ቤቷ። ልመለስ ስል ማርያም ካለችበት ቤት ሳይቀምሱ አይወጣም ብለው በሩን ያዙብኝ። ጾሙን አስበው ቅቤ የሌለው ገንፎ በተልባ አቀረቡልኝ። በሁለት ጉርሻ እገላገላለሁ ብዬ ነበር፤ ገበታው ካልተጠረገ የሚለቁኝ አልሆኑም።

ጤና ጣቢያ የደረስኩት መሽቶ ነው። ተረኛዋ ሲስተር ከፍሪጅ ባወጣችው ኦክሲቶሲን ታግዛ እንግዴ ልጁን አውጥታለች፤ ደሙም ቆሟል። የእኔ ብልቃጥ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

«ኧረ የት ነው የቆየኸው?» አለችኝ ሲስተር።

አፌን ሳልከፍት ወላዷ ከአልጋዋ ቀና አለች። ከአሮጊቷ ጋር እሳት ዳር የነበረው ልጅ በአቋራጭ ቀድሞኝ ሁሉን ነግሯት ኖሯል።

«እኛ ቤት ሆኖ ገንፎዬን ሲበላብኝ ነዋ!»