የ8,000 ኬልቪን ጎረምሳ

ናይሮቢ፣ ላቪንግተን፣ ጊታንጋ መንገድ ላይ፣ ማታ ማታ ሰማያዊ እያበራ የሚከንፍ ሱባሩ አለ። ባለቤቱ ያገራችን ልጅ ነው። ቫሊ አርኬድ ሊያቆም ሲል፣ በትንሿ ቪትዛቸው ከፊት ለፊቱ የመጡ አንዲት እትዬ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጋርደው ጠበቁት።

— እትዬ፣ መብራቴን እንዴት አዩት?

— እኔን በደንብ ያሳይሃል። መንገዱን ማን ያሳይህ?

— 8,000 ኬልቪን ነው እኮ!

— ኬልቪን የሙቀት መለኪያ ነው ልጄ። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃን ይጨምራል ካልክ፣ ትኩሳት ሲጨምርም ጤና ይጨምራላ! ያንተ አምፖል ተራ ሃሎጂን ነው፤ ሰማያዊ ተቀብቷል። ቅቡ ሌላውን ቀለም እየዋጠ ብርሃንህን ይቀንሰዋል። ጉምሩክ ያስተረፈልህን አምፖሉ ቀረጠህ።

— ሌላ ሰው ግን ቅር ብሎት አያውቅም!

— ሌላው ገና ዓይኑን እያሸ ነው።

— የግቢያችን ዘበኛ እንኳ ሳልጠራው በሩን ይከፍትልኛል።

— ፖሊስ መስለኸው ነዋ። ስትወርድ ሲያይህ የሰጠህን ሰላምታ መልሶ ወሰደው አሉ።

— ሕግ በቀለም ምን አገባው?

— የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የፊት መብራት ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን ይላል፤ ኬንያም ገብታበታለች። ሰማያዊ ካማረህ ፖሊስ ተቀጠር።

— ቀይስ ላድርገው?

— ከፊት ቀይ ክልክል ነው። በጨለማ ቀይ ያየ ሰው «ይሄ የሚሄድ መኪና ነው» ብሎ ይከተልሃል፤ አንተ ደግሞ እየመጣህ ነው። ቀጠሯችሁ ለቅሶ ቤት ነው።

— ቢጫስ?

— ፈረንሳይ እስከ 1993 ድረስ ቢጫ ግዴታ ነበር። እዚህም ከ2004 ጀምሮ በያኔው የትራንስፖርት ሚኒስትር በሚቹኪ ደንብ የማታቱ ሚኒባስ ሁሉ ወገቡ ላይ ቢጫ መስመር እንዲታጠቅ ታዟል። አንተ ግን ቢጫ የምታውቀው ትራፊክ መብራት ላይ ነው፤ እሱንም ረግጠኸው ታልፋለህ።

— ማታቱዎቹስ በየቀለሙ እያበሩ አይደል የሚሄዱት?

— ማታቱ ውስጥ ያለውን ዲስኮ ተሳፋሪው ከፍሎ ገብቶበታል። አንተ የከፈትከው እኔ ዓይን ላይ ነው።

— በቃ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ኦሪጅናል የፊት መብራት ይላክልኝ።

— አገራችን በቀኝ ነው የሚነዳው። ለዚያ የተሠራ አጭር መብራት የቀኙን ዳር ከፍ አድርጎ ያበራል። እዚህ በግራ ስትነዳ፣ ያ ከፍ ያለው ወገን ከፊትህ የሚመጣው ሰው ፊት ላይ ያርፋል። እንኳን መብራቱ፣ አንተም ገና ግራውን አልለመድከው።

— ታዲያ ምን ይሻለኛል?

— ኪሪንያጋ መንገድ ሂድ፣ መለዋወጫ ቤት ግባ፣ መኪናህ ከፋብሪካ የመጣበትን ዓይነት አምፖል ግዛ። የመብራቱን ከፍታ አስተካክለው። የደበዘዘውንም መሸፈኛ አስወልውለው።

— በተራ አምፖል ማን ያየኛል እትዬ?

— መታየት ከሆነ የፈለግከው፣ የውስጡን መብራት አብራ፤ ፊትህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱም የሚያዋጣህ ከሆነ።