በረዶ የማውረድ ፈቃድ ለመስጠት የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሉክ ሃዋርድ የሚባል የለንደን መድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ1802 የላቲን ስም ካወጣልን ወዲህ፣ ደመና ነኝ ባይ ሁሉ በስሙ ብቻ እየተመካ «በረዶ አወርዳለሁ» ማለቱ ስለበዛ፤ የየድርሻውን ለይቶ መደንገግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የላይኛው ሰማይ ምክር ቤት የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ
በዚህ አዋጅ «በረዶ» ማለት ቀሎ፣ እየተንሳፈፈ የሚወርደው ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውና የገበሬ ማሳ የሚያወድመው ጠጠር በሌላ አዋጅ ይዳኛል።

አንቀጽ 2፦ ባለፈቃዶች
ሳይቸኩል፣ ለረጅም ሰዓት፣ አገር ምድሩን የሚያለብስ በረዶ የማውረድ ዋና ፈቃድ የኒምቦስትራተስ ነው፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ፀሐይን ጨርሶ የሚጋርድ። ስትራቶኩሙለስ ጥቂት ብናኝ እንዲበትን ተፈቅዶለታል። ሲረስ ሁለመናው የበረዶ ቅንጣት ቢሆንም የሚልከው ሁሉ መንገድ ላይ ተንኖ ስለሚቀር፣ ዕቅዱን ወደ መሬት ማውረድ ባለመቻሉ ፈቃዱ ተሰርዟል።

ኩሙሎኒምበስ በጥብቅ ክትትል ይሠራል። ብርዳም ነፋስ ገና ያልቀዘቀዘ ሐይቅ ሲያቋርጥ እንዲህ ያሉ ደመናዎች እርጥበት ይጭናሉ፤ የብስ ሲደርሱ ያራግፋሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከኢሪ ሐይቅ ጭነው፣ አሜሪካ ውስጥ ባፋሎ ከተማ አጠገብ ኦርቻርድ ፓርክ ላይ በጥቂት ቀናት 2 ሜትር ያህል በረዶ የቆለሉት በትርፍ ጭነት ተከሰዋል።

አንቀጽ 3፦ ዋስ ስለማቅረብ
ማንኛውም የደመና ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለወረደ ብቻ በረዶ መሆን አይችልም። ዋስ ያምጣ! ለዋስትና ብቁ የሆኑት ነፋስ ያነሣው የአፈር ብናኝና አንዳንድ ባክቴሪያ ናቸው። እነዚህን ተደግፎ ይረጋል። ዋስ ያጣ ጠብታ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ 20 ዲግሪ ላይም ውሃ እንደሆነ ይጉላላል፤ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ግን ያለ ዋስ እንዲረጋ ይፈቀድለታል። (እስከዚያ የታገሠ ባለጉዳይ ሲያንሰው ነው።)

አንቀጽ 4፦ ይዞታ ስለማስለቀቅ
የእንፋሎት ግፊት ከውሃ ይልቅ በረዶ ላይ ስለሚያንስ፣ በአካባቢው ያለ እንፋሎት ሁሉ የረጋው ቅንጣት ላይ ይከማቻል። ስለሆነም ጎረቤት ጠብታዎች ለልማት ሲባል ተንነው ይዞታቸውን ይለቃሉ። ካሣ የለም። ስዊድናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ቶር በርገሮን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይህን አሠራር አደባባይ ቢያወጣውም፣ አሠራሩ አልተሻሻለም።

አንቀጽ 5፦ ቅርንጫፍ ስለመክፈት
የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ በስድስት ማዕዘን ስለሚደራጁ ቅንጣት ሁሉ ይህንኑ ይከተላል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ግድም የሚያድግ በስድስቱም ክንዶቹ ቅርንጫፍ መክፈት ይችላል። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ የሚያድገው መርፌ ሆኖ ይቀራል፤ ይግባኝ አይባልም።

አንቀጽ 6፦ ርክክብ
ሞቅ ባለ አየር አልፎ የቀለጠ ቅንጣት «ዝናብ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የቀድሞ ማዕረጉን መጥራት ክልክል ነው። ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባን ጃንጥላ ከሚመታው ጠብታ ጥቂት የማይባለው ከላይ ሲነሣ በረዶ ነበር፤ በዚህ ሰበብ ቅሬታ ማቅረብ አይቻልም። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለ አልፎ አልፎ በረዶውን እንደወረደ ይረከባል፤ ሆኖም ፀሐይ ብዙም ሳትቆይ ስለምትወስድበት ቋሚ የንብረት መዝገብ እንዲከፈትለት ያቀረበው ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል።