የጣሳ ሳይንስ በሚዛን ገበያ

አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ፣ በኩባያ የሚለካ ነገር ሁሉ አናቱ በቢላ እንዲደለደል አዘዘች። በዚህ ሥርዓት አንድ ኩባያ አጃ 90 ግራም፣ አንድ ኩባያ ስኳር ደግሞ 200 ግራም ያህል ይመዝናል። ፋርመር ሚዛን ተፈሪ ገበያ ወጥታ የጣሳ አናት በቢላ ብትደለድል ግን ሁለተኛ ደንበኛ አታገኝም ነበር።

እዚህ ጣሳ ሞላ የሚባለው ከአፉ ሲያልፍ ነው። ከጠርዙ በላይ የሚቆመው ቁልል የመለኪያው ሕጋዊ አካል ሲሆን፣ ቁመቱን የሚወስኑት የፍሬው ቅርጽ፣ የሻጯ እጅና የገዢው ፊት ናቸው። «እትዬ፣ ነቅነቅ ያድርጉት እንጂ!» የሚለው የገዢ አቤቱታ የፊዚክስ መሠረት አለው፤ የተነቀነቀ ፍሬ ይጠጋጋል፣ ለተጨማሪም ቦታ ይለቃል። ሻጯም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ጣሳውን በቀስታ፣ እንደተኛ ሕፃን ታነሳዋለች።

መሣሪያው ራሱ ጥናት ይገባዋል። በቀድሞ ሕይወቱ የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት ይዞ የኖረ ጣሳ ነው። ሥሩ ወደ ውስጥ የጎበጠ ከተገኘ፣ በአደጋ ነው ይባላል። አደጋ ወደ ውጭ ያጎበጠው ጣሳ እስካሁን ገበያ አልወጣም።

ቁሱም አይተባበርም። አንድ ሊትር ጥሬ ቡና 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። ምጣድ ላይ ሲውል ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል፤ ሰውነቱ ግን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያብጣል። አንድ ሊትር የተቆላ ቡና እንግዲህ 400 ግራም እንኳ ላይደርስ ይችላል። ጀንፈሉ ገለባውን ስለተሸከመ፣ ያልተፈለፈለ ኮረሪማም ውስጡ አየር ስላለ፣ ጣሳ ለመሙላት ብዙም አይቸገሩም።

«ታዲያ በኪሎ ይሸጣ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ኪሎ የሚከብርበት ትልቁ የቡና ገበያ ግን ዋጋውን የሚጠራው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ይኸው ስም ዛንዚባር ላይ ወደ 16 ኪሎ ይወርድ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ኮምፒውተርና የዋጋ ሰሌዳ ይዞ መጣ፤ ሰሌዳው ላይም ፈረሱላ ተጻፈ። አንድ ኩንታል 5.88 ፈረሱላ ስለሆነ፣ ከቴፒም ሆነ ከበበቃ ቡና የሚጭን ነጋዴ ይህን በቃሉ ያካፍላል። ካልኩሌተር የሚያወጣው ለገዢው ሲል ብቻ ነው።

ዝናቡም በሒሳቡ አለ። ደረቅ ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። በዚህ ልክ የደረቀ አንድ ኩንታል እርጥበቱ ወደ 16 በመቶ ቢወጣ 105 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ገዢው ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ የደቡብ ምዕራብ ዝናብ በቡና ዋጋ ይገዛል ማለት ነው። ዝናቡ ግን አካባቢው ላይ በነፃ ነው የሚወርደው።

ኤሌክትሮኒክ ሚዛን በገባበት ሱቅ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ቁጥሩ 1.000 ላይ ይቆማል። ሻጯ ቁጥሩን በትዝብት ታየዋለች፤ «ይኸው ልጄ፣ ምርቃት» ብላ አንድ ጭብጥ ትጨምርበታለች። ሚዛኑ 1.040 ይላል። የሚከፈለው የአንድ ኪሎ ነው።