ኖራ በጥር ይጠየቃል

የምዕራብ ጎጃም አፈር መኮምጠጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ክረምቱ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ ኩበቱ ለማገዶ፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር ጥቂት ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው የማዳበሪያ ፎስፈረስም ለሰብሉ ሳይደርስ እዚያው ታስሮ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ እንደሆነ ተመራማሪዎቻችን ደጋግመው ጽፈዋል።

የጻፉት ለምን ማሳ አይደርስም? ፍኖተ ሰላም የገባነው ይህን ጥያቄ ይዘን ነበር። ወጣት ተመራማሪዎች ግኝታቸውን ለሚወስኑ ሰዎች እንዴት እንደሚያቀርቡ፣ የሁለት ገጽ ፖሊሲ ብሪፍ እንዴት እንደሚጻፍ ልናሠለጥን። ገና ጠዋቱን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም ናፍጣ የለውም ተባለ። እንግዲያው የመስክ ጉብኝቱ ይቅደም ብለን በአንድ ሚኒባስ ተጨናንቀን ወደ ቡሬ ወጣን።

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ወንበርማ አቅጣጫ ጥቂት እንደሄድን የግንቦት ዶፍ ወረደብን። ቀዩ አፈር ጎማውን ይዞ አልለቅ አለ። ሾፌሩ ድንጋይ ቢጠቀጥቅ፣ ቅጠል ቢጎዘጉዝ፣ እኛም ከኋላ ብንገፋ መኪናው ወደ ቦዩ ከመንሸራተት በቀር ፈቀቅ አላለም። ጭቃ እንደለበስን በቅርብ ካገኘነው ቤት ተጠለልን። እማወራዋ ቆሎ አቀረቡልን፣ ጠላም ቀዱልን።

ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ስለ አፈር የምታጠና ልጅ፣ አባወራውን «አባባ፣ ኖራ ተጠቅመው ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«አንድ ክረምት ተጠቅሜያለሁ፣ ልጄ። ስንዴው አማረልኝ። ከዚያ ወዲህ የመጣልን ሐምሌ ላይ ነው፤ በቆሎው ጉልበቴን አልፎ። ምን ላድርገው? የሚያራግፉትም አስፋልት ዳር ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የአህያ ጀርባ ነው።»

ልጅቱ ያዘጋጀችውን ብሪፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ፒኤቹ፣ የኖራው መጠን፣ የምርት ጭማሪው ሁሉም አለ። ስለ ወርና ስለ አህያ ግን አንድ መስመር የለበትም። ማንም አላስተማራትምና አልፈርድባትም። ማዳበሪያ ለሄክታር ጥቂት ኩንታል ነው፤ ኖራ ግን እንደ አፈሩ ሁኔታ 20፣ 30 ኩንታል ሊጠይቅ ይችላል። አንዱን የሚያደርስ መንገድ ሌላውን አያደርስም።

የወሩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በቆሎ በግንቦትና በሰኔ ይዘራል፤ ኖራው ከዘር በፊት ሳምንታት ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መገላበጥ አለበት። የመንግሥት በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ስለዚህ ለ2018 ግንቦት የሚሆነው ኖራ በሐምሌ 2017 በሚጀምረው በጀት መያዝ አለበት፤ ያም ማለት ጥያቄው በ2017 ጥርና የካቲት፣ ዕቅዱ ገና ሲረቀቅ መግባት ነበረበት። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የሚመጣ ጥናት፣ እውነትነቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ዕቅዱ ከተረቀቀ በኋላ የመጣ ነው።

ጎጃም ከማሳ የራቀ ውሳኔ የሚያስከፍለውን ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ገበሬው መሬቴ ሊለካብኝ፣ ርስቴ ሊነካብኝ ነው ብሎ ሸፈተ፤ መንግሥት ጦር ካዘመተ በኋላ ወደ ኋላ ለማለት ተገደደ። አርቃቂዎቹ ግብርን ያውቁ ነበር። ርስተኛው ማሳው ላይ የሚቆመውን ገማች በምን ዓይን እንደሚያየው ግን የሚነግራቸው አልነበረም፣ ወይም አልሰሙትም።

ዛሬ እንዲህ ያለው የሚነገርበት ቦታ አለ። የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትም አለ። መኖራቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን የእኚህ ሰው ኖራ አስፋልት ዳር ይውረድ ወይስ ቀበሌው ድረስ ይግባ የሚለው የሚወሰነው አዲስ አበባ ሳይሆን ወረዳ ካቢኔ ውስጥ ነው፤ ተመራማሪዎቻችን ደግሞ የዚያን ክፍል በር አንኳኩተው አያውቁም።

ዝናቡ ሲያባራ የሰፈሩ ጎረምሶች መኪናውን በገመድ ጎትተው አወጡልን። ልጅቱ እየተመለስን ብሪፏን እንደገና ጻፈችው። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ወሩ ሆነ፤ ሁለተኛው ከአስፋልት እስከ ማሳ ስላለው ማጓጓዣና ማን እንደሚከፍለው፤ ፒኤቹ ሦስተኛ ላይ መጣ። የሚደርሰውም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት በአንድ ላይ እንዲሆን አደረገችው።

እኔም ለአዘጋጆቹ ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ፤ የሚቀጥለው ሥልጠና በጥር እንዲሆን፣ ከአሠልጣኞቹም አንዱ የወረዳ በጀት ባለሙያ እንዲሆን።