ጥቀርሻውም ይጨመርልን

የእንፋሎት ባቡር ጌም የሚጫወት ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በእርግማን ነው። ጌሞቹ በብዛት የሚሸጡበት የኢንተርኔት ገበያ ስሙ ራሱ ስቲም ነው፤ በእኛ አፍ እንፋሎት ማለት ነው። በዚህ ገበያ አስተያየት የሚሰጥ ሰው መሀል ሰፋሪ መሆን አይችልም። ወይ «እመክራለሁ» ወይ «አልመክርም» ማለት አለበት፤ ጌሙን ስንት ሰዓት እንደተጫወተውም አብሮ ይጻፍበታል። እናም ወደ ታች የተደፋ ቀይ አውራ ጣት ታያላችሁ። «አልመክርም» ይላል፤ ከጎኑ ያለው ሰዓት ግን አራት አሃዝ ነው። አንድ ሺህ ሰዓት በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 125 የሥራ ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሁዱ ሲጨመር ስድስት ወር ገደማ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቤት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አድሮ ሲያበቃ «ወጣቸው ጨው ያንሰዋል፣ እንዳትሄዱ» የሚል እንግዳ ገጥሟችሁ ያውቃል?

የጌሙ ጥፋት ምን ይሆን ብላችሁ ስታነቡ ትደነግጣላችሁ። ፊሽካው የዚያ ባቡር ሳይሆን የአጎቱ ልጅ ነው። ጭሱ ሊነጣ በሚገባው ሰዓት ጠቁሯል። የውሃ ጋኑ ጎን ላይ አንድ መስመር ሪቬት፣ ብረት ከብረት የሚያጋጥመው ችንካር፣ ጎድሏል። ማይክሮሶፍት በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ፍላይንግ ስኮትስማን የተባለውን የእንግሊዝ ባቡር በትሬይን ሲሙሌተር ጌሙ ካስገባ ወዲህ ስክሪኑ ሰፋ፣ ምስሉ ጠራ፣ ምሬቱ ግን ያው ነው። የእንግሊዝ የባቡር ወዳጆች እንዲህ ያለውን ሰው «ሪቬት ቆጣሪ» ይሉታል። እነሱ ለስድብ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ከፊታውራሪ ቀጥሎ ያለ ማዕረግ ይመስለኛል። ያን ሁሉ ሪቬት በቃሉ የያዘ ሰው የቤት ኪራይ የሚከፍልበትን ቀን ሌላ ሰው ቢያስታውሰው ምን ነውር አለው?

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ተቃውሞ አይደለም፣ ድጋፍ ነው። እውነታ ይጨመር ከሚሉት ጋር ፊርማዬን አኑሬያለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲጨመር አይቆንጠር።

ከማሞቁ እንጀምር። የቀዘቀዘ ትልቅ ቦይለር በጥድፊያ አይሞቅም። ብረቱ እኩል ካልሰፋ መጋጠሚያው ይላላል፣ ቱቦው ያፈሳል። ስለዚህ እሳቱ ብዙ ጊዜ የሚለኮሰው በዋዜማው ነው፤ አጠገቡም ሰው ያድራል። ስቲም ደግሞ ጌሙ ያልጣመው ገዢ በ14 ቀን ውስጥ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ተጫውቶ ከመለሰ ገንዘቡን ይመልስለታል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እውነታ ፈላጊያችን የለመነው ሁሉ ቢሟላለት፣ ገንዘቡን የማስመለስ መብቱ ሲያልፍ ውሃው ገና ለብ እያለ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ያለ ተሳፋሪ፣ ያለ ፊሽካ፣ ጨለማ ውስጥ የጋን ሆድ ሲሞቅ መጠበቅ። እንዲህ ያለ ጌም የሚሠራ ቢገኝ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ገዢ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ቀጥሎ ሹመት ነው። በ2019 ለገበያ በቀረበው ዲሬይል ቫሊ ተጫዋቹ ዕቃ እያመላለሰ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ በገንዘቡ ፈቃድ ይገዛል፣ ፈቃዱን ሲይዝ ትልቁን የእንፋሎት ባቡር ይነዳል። ታዲያ ፈቃዱ እስኪገኝ ስንት ምሽት ይባክናል ብሎ የሚያለቅስ አይጠፋም። በእንግሊዝ የእንፋሎት ዘመን ወደ ጋራዥ የሚገባ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ቡትቶ ጨርቅ ነበር። ባቡር ይወለውላል። ዓመታት ሲያልፉ አካፋ ይይዛል፣ እሳት አንዳጅ ይሆናል። ነጂ ለመባል ሃያ ዓመት መጠበቅ ብርቅ አልነበረም። ጢም ሳያበቅል የገባው ልጅ ሬጉላተሩን፣ የእንፋሎት መክፈቻውን ዘንግ፣ ሲጨብጥ ጠጉሩ ገብስማ ነው። እውነታ ከተባለ እንግዲህ በ2019 ጌሙን የገዛ ታጋሽ ሰው እስከ 2039 ጎማ ይወልውል። ቅሬታ ካለው በጽሑፍ ለጋራዡ አለቃ ያቅርብ።

ደግሞ በጌሙ ሁሉም ነጂ ነው የሚሆነው። ጁላይ 3 ቀን 1938 ማላርድ የተባለችው ባቡር በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሄዳ እስከ ዛሬ ያልተነካውን የእንፋሎት ክብረ ወሰን ስትይዝ ነጂው ጆ ዱዲንግተን ነበር። ባቡር ወዳድ ነኝ የሚል ሁሉ ያውቀዋል። አጠገቡ አካፋ ይዞ እሳቱን ያነደደው ቶሚ ብሬይ ነው። ማታ ከሥራ ገብቶ፣ ራት በልቶ፣ «ዛሬስ ቶሚ ብሬይን ልሁን» የሚል ስንት ሰው አለ? ጌም ሠሪዎቹ ይህን ድሮ ነቅተውበታል፤ ስለዚህ በአንዳንዶቹ ጌሞች አንድ ቁልፍ ስትጫን እሳት አንዳጅነቱን ኮምፒውተሩ ይረከብሃል። ሪቬት የጎደለበት ሰው ያቺን ቁልፍ በዝምታ ይጫናታል። ከዚያ ወጥቶ እሳት አንዳጁ ዳተኛ ነው፣ ከሰል በሰዓቱ አይጨምርም ብሎ ይከሳል። ሠራተኛውን የሚያማ አለቃ! ይሄኛው እንኳ እውነታ ነው፣ ምንም አይወጣለትም።

በ1928 ባቡር ከለንደን ኤዲንብራ ድረስ፣ ከ630 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ያለ ማቆሚያ መሄድ ሲጀምር የከሰል ጋሪው ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ ሠርተውለት ነበር። ለምን? መንገዱ ሲጋመስ ነጂውና እሳት አንዳጁ ባቡሩ እየሮጠ በሌሎች እንዲተኩ ነው። ያን ሁሉ ርቀት የሚችል ወገብ አልተፈጠረማ። የእኛ ሰው ግን ብቻውን በአንድ ጣት ይጨርሰዋል፣ ሲጨርስም የእጅ አንጓዬን አመመኝ ይላል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ሽሮ ጥዳ ወደ ጎረቤት ስትወጣ «እንዳይገነፍል ተመልከትልኝ» አለችኝ። «እሺ እማዬ» አልኩ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ። ከነዚሁ ጌሞች በአንዱ ሃያ ፉርጎ እየጎተትኩ ዳገቱ ሊያልቅ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ጭንቁ ውሃው ነው። የእሳት ማንደጃው ጣሪያ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት፤ ብረቱ ራቁቱን ከቀረ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ያን ጊዜ ግፊቱ ይበጥሰዋል። የውሃውን ልክ የምታይባት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ደግሞ ታታልላለች። ዳገት ስትወጣ ውሃው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የሞላ ይመስልሃል፤ ጫፍ ደርሰህ ቁልቁለቱ ሲጀምር ወደ ፊት ይሸሽና ጉድ ያደርግሃል። ስለዚህ ቀድሜ ኢንጀክተሩን ከፈትኩ። ፈረንሳዊው አንሪ ዢፋር በ1858 የፈጠረው ነው፤ ቦይለሩ የገዛ እንፋሎቱን ተጠቅሞ ወደ ገዛ ሆዱ ውሃ ይገፋል፣ የሚሽከረከር አንድ ጥርስ እንኳ የለውም። ቀዝቃዛው ውሃ ሲገባ ግፊቱ ወረደ። ከሰል ጨመርኩ። ጭሱ ጠቆረ። የአየር ማስገቢያውን ከፈትኩ፣ እንደገና ከሰል ጨመርኩ። አካፋዬ ማውስ ነው፣ ግን አልቦኛል። የውሃው መስመር ግማሽ ላይ ቀጥ አለ፣ የግፊቱ ቀስትም ሳይነቃነቅ ቆመ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ እሳት አንድጄ አላውቅም።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ያረረ ሽሮ ሽታ ከኋላዋ ገባ። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«እሳት እየጠበቅኩ።»

«እሳት መጠበቅ ካማረህ ወጥ ቤት አልነበረልህም ልጄ?»

መልስ ሳላዘጋጅ መብራት ሄደ።

ከሰልና ውሃ እንጂ ሌላ ጌታ የማያውቀው ባቡሬ፣ የሰፈሩ መብራት ስለጠፋ ጭጭ አለ። «ባቡር» የሚለው ቃላችን ራሱ ከፈረንሳይኛው «ቫፐር»፣ ከእንፋሎት የመጣ ነው ይባላል፤ ዛሬ ወደ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄደውንም ባቡር ስንል አናፍርም። ስለዚህ የእኔው በመብራት መሞቱ ከቋንቋው ጋር ይስማማል። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን መንገድ መዳመጫ ባለ እንፋሎት መኪና ሲያስመጣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አወጣለት። ሪቬቱን ቆጥሮ አቤት ያለ ሰው መኖሩን ግን አልሰማሁም።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ለጌም ሠሪዎች ማመልከቻ አረቀቅኩ። ጉዞው ሲያልቅ ጌሙ አይዘጋ፤ አመዱ ይጠረግ፣ እሳቱ ይጸዳ፣ የጭስ ሳጥኑ ይከፈትና ጥቀርሻው በአካፋ ይውጣ፤ ይህ ሁሉ ሳይሆን «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ አይሠራ። ተረኛ የሆነ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልክ ይቀስቀስ። ዝናብም ሆነ ብርድ በተከፈተው ጎን ይግባ፣ ፊት እየተጠበሰ ጀርባ ይቀዝቅዝ። ጥቀርሻው አፍንጫ ውስጥ እንዲገባ መሣሪያ ይፈልሰፍ፤ ሻጮቹ ለአንዲት ተጨማሪ ፉርጎ ለብቻ እንደሚያስከፍሉ ለጥቀርሻም ያስከፍሉን፣ እንገዛለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦገስት 1968 ይግባልን። ያን ወር የእንግሊዝ ባቡር ድርጅት በዋና መስመሮቹ ላይ እንፋሎትን አቆመ፤ ስንቱ የሃያ ዓመት ባለሙያ ከነሙያው ቤቱ ቀረ። ጌሙም እንዲሁ አንድ ቀን ጠዋት ይከፈት፣ ባቡርህ ለቁራጭ ብረት ተሽጧል፣ ስላገለገልክ እናመሰግናለን ይበልና ከዚያ ወዲያ አይከፈት። ገንዘብ መመለስ የለም።

(ጌም ነው እኮ፣ ዘና ልንልበት ነው የሚሉ አሉ። እነሱን ተዉአቸው፤ የተጣደ ጀበና ይበቃቸዋል፣ እሱም እንፋሎት አለው።)

ሽሮውን ከላይ ከላዩ በላነው። እናቴ ሻማውን ድስቱ ላይ አስጠግታ ቂጡን በማንኪያ ስትፍቅ፣ ያ ድምፅ ከሰል የሚዝቅ አካፋ ይመስል ነበር፤ ጌሙ ውስጥ ካለው ይሻላል ብዬ አሰብኩ፣ አልተናገርኩም። መብራት የመጣው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሮጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ባቡሬ ያቺው ዳገት ላይ ቆሟል፤ እሳቱ ፍም ነው፣ የግፊቱ ቀስት ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ሦስት ሰዓት ተኩል አንድ አካፋ ከሰል ሳይቀምስ!

ደሜ ፈላ። አስተያየት መጻፊያውን ከፈትኩና «ቦይለሩ መብራት ሲጠፋ አይቀዘቅዝም። አልመክርም» ብዬ ላክሁ። አውራ ጣቱ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ከጎኑ 1,140 ሰዓት ይላል።