የሰበብ ርዝመት በአጭር ሜዳ፦ ትንሿን ጎልፍ የሚመለከት ጥናት

መግቢያ። ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው ይባላል። ይህ ጥናት የሚያተኩረው ግን በታናሽ ወንድሙ፣ በየመናፈሻው በሚገኘው «ፒች ኤንድ ፐት» ላይ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በሲያትል ከተማ በግሪን ሌክ መናፈሻ፣ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ላይ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ለመናፈሻው መሬት ለማግኘት ሲባል የሐይቁ ውሃ 2 ሜትር ገደማ ዝቅ ተደርጓል። ስለዚህ «መሬቱ ረጥቦ ነው» የሚለው ሰበብ እዚህ የታሪክ ድጋፍ አያጣም።

የማሳጠር ሕግ። በትልቁ ጎልፍ ተጫዋቹ እስከ 14 ዱላ ይሸከማል፤ በዓለም አቀፉ የፒች ኤንድ ፐት ሕግ 3 ዱላ ይበቃዋል። የአንዱ ጉድጓድ ርቀትም በዚሁ ሕግ ከ90 ሜትር አያልፍም። አለባበሱም አጥሯል፤ አጎቴ የመጣው በነጠላ ጫማ ነው። ያላጠረው ጉድጓዱ ነው፤ ስፋቱ እንደ ትልቁ ሁሉ 108 ሚሊ ሜትር፣ ከኳሷ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ይህ ቁጥር ሜዳ ላይ ማንንም አጽናንቶ አያውቅም።

ዘዴ። ናሙናው ሦስት ሰው ነው፦ ታክሲ የሚነዳው አጎቴ፣ የአሥር ዓመት ልጁና አጥኚው። አጥኚው ከውጤቱ የተነሳ ከስሌቱ ወጥቷል።

ትዝብት። አጎቴ ሣር ነጭቶ ወደ ላይ በተነ፤ ነፋስ መለካቱ ነው። ሣሩ ቀጥ ብሎ እግሩ ላይ ወረደ። ዱላውን አነሳ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ መታ። ጥፍጥፍ የሚያህል አፈር ከነሣሩ በረረ፤ ኳሷ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ይቺ ልምምድ ናት» አለ።

«አባዬ፣ ጽፌዋለሁ» አለች ልጁ።

«ዳክዬዋ ስትጮህ አልሰማሽም?»

ዳክዬዋ ተኝታ ነበር።

ንጽጽር። የእኛም የገና ጨዋታ ዱላና ኳስ አለው። ልዩነቱ እሩር በምትባለው ኳስ ላይ መንደሩ ሁሉ ስለሚረባረብ ጥፋቱም ለመንደሩ መከፋፈሉ ነው። የጎልፍ ኳስ ግን ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የሚጋፋ የለም፣ የሚነጥቅ የለም፤ ጥፋቱን የሚጋራ ከተፈጥሮ በቀር አይገኝም።

እርግጥ ተፈጥሮም በሌለበት ቦታ ሙከራ ተደርጓል። ጠፈርተኛው አለን ሼፐርድ በ1971 እ.ኤ.አ. በጠፈር ልብስ ተጀቡኖ ጨረቃ ላይ በአንድ እጁ ሁለት ኳስ መታ። ሁለተኛዋ ብዙ ማይል እንደሄደች ተናገረ። ከ50 ዓመት በኋላ ፎቶዎቹ ሲመረመሩ፣ የሄደችው 37 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህም ከትንሿ ጎልፍ ርቀት አያልፍም። እዚያ ነፋስም ዳክዬም አልነበረም፤ ሰው ግን ነበር።

ማጠቃለያ። ሜዳው ሲያጥር ዱላው ያንሳል፣ ጊዜው ያጥራል፣ ልብሱ ይቀላል፤ ሰበቡ ግን ከትልቁ ጎልፍ ሳይሸራረፍ ይወረሳል። በመጨረሻ ልጅቷ አሸነፈች፤ አጎቴም «የኔ ልጅ እኮ ናት» ብሎ ድሉን ተጋራ። ከዚያም ውጤቱ የተጻፈበትን ካርድ ተቀብሎ ትንሿን እርሳስ ወዲያና ወዲህ አገላበጣት። የጎልፍ እርሳስ ላጲስ የለውም። ወደ መኪናው እስክንደርስ በአፉ ሲያጠፋ ሄደ።