የእትዬ ድርሻ

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ሕመሙ ሲጠናባቸው ለሕክምና ፍኖተ ሰላም ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ እዚያው አረፉ። አርባቸው እንደወጣ ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ ይዤ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ተነሣሁ።

መጀመሪያ ያገኘነው ማመልከቻ ጸሐፊ «ማረጋገጫ የሚወጣው ሰው በሞተበት ነው፣ ፍኖተ ሰላም ሂዱ» አለን። ፍኖተ ሰላም ያገኘነው ደግሞ «ይሄ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ወራሽነቱን፣ የቤቱን ክፍፍልና የመሬቱን ነገር ባንድ አቤቱታ አጭቆ ጻፈልን። አቤቱታው ተመለሰብን። በመልሱ ሚኒባስ እትዬ በፌስታል የጠቀለሉትን የይዞታ ደብተር ደረታቸው ላይ እንደያዙ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ሕጉ ግን ሰው አያንከራትትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 826 ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ነው ይላል። አጎቴ ፍኖተ ሰላም የሄዱት ሊታከሙ እንጂ ሊኖሩ አይደለም፤ ቤታቸውም፣ በሬያቸውም፣ ዕድራቸውም ቡሬ ነው። እንግዲህ የወረዳው ፍርድ ቤት ይበቃ ነበር። በአንቀጽ 996 የሚሰጠው ወረቀት ወራሹንና ድርሻውን ይመሰክራል እንጂ ንብረት ቆርሶ አያከፋፍልም። ጠብ ከተነሣ ሌላ ክስ ነው፤ ወረዳ ይሁን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየው በንብረቱ ግምት ይለያል። አዲስ አበባም የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ማረጋገጫውን ይሰጣሉ፣ ክርክሩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሻገራል። ባለጉዳይ እዚያም ይደናገራል።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ማመልከቻው ላይ የልጆቹ ስም ተደርድሮ የእትዬ የለም። «እኔስ ልጄ? አብሬው ያረምሁት፣ የወቃሁት?» አሉኝ። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ሚስትን የባሏ ወራሽ አያደርጋትም። መብታቸው በትዳር ከተፈራው ሀብት ግማሹን ከውርሱ አስቀድመው ማንሣት ነው። ይህን ማንም አልነገራቸውም። ደብተሩን ገለጥሁላቸው፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፣ እሳቸው በነጠላ፣ አጎቴ በጋቢ። መሬቱ ግን በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ይመራል እንጂ እንደ ቤትና እንደ ከብት አይከፈልም።

ባሏን ቀብራ ከገጠር ለመጣች ሴት ይህን በፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚያስረዳ አንድ ሰው ማስቀመጥ ለምን ይከብዳል? ደብዳቤ ጽፌ ጠይቄያለሁ፤ አሁንም እጠይቃለሁ።

ማረጋገጫው በልጆቹ ስም ወጥቷል። የእትዬ የግማሽ ድርሻ ጥያቄ ለብቻው መዝገብ ተከፍቶለት ቀጠሮ ይዟል፤ የደብተሩ ኮፒም ተያይዟል።